ትልቋ ጨረቃ

«ትልቋ እዚሁ ትቅር። የምንወስደው ትንሿን ብቻ ነው።»

«ብታለቅስስ?»

«ትልመደዋ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው በልጅነቷ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ተኝታ ነው። የወንዱ ድምፅ የአባቷ ነበር፤ የሴቷ የእንጀራ እናቷ መሰላት። ከፊቱና ከኋላው የተባለውን ረስታዋለች። ማንም ትቷት አልሄደም፤ እሷ ግን ቃሉን በሆዷ ይዛ አደገች። ለአባቷ ልጸልይ ስትል እንኳ ያው ቃል እየመጣ ጸሎቱን ያስጥላት ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ።

አሁን አባቷ ሰዓት ሠሪው ተቀብሮ፣ እሷና ከእንጀራ እናቷ የተወለደችው ታናሽ እህቷ ጸጉር ሠሪዋ በአንድ ፍራሽ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ለቅሶ ተቀምጠዋል። ስንቱን የቆመ ሰዓት ሲያስነሳ ኖሮ እነዚህን ሁለቱን እኩል ማስኬድ አቃተው እያሉ ጎረቤቶች ያንሾካሹካሉ።

በሦስተኛው ቀን ጸጉር ሠሪዋ ከፍራሹ ጠፋች። ወዲያው ከጓዳ የልጆች ሳቅ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን እየጎተተች ሄደች። እህቷ የለቀስተኛውን ልጆች ሰብስባ፣ ልባሱ የተገነጠለ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች።

«የአባቴ አፈር ሳይደርቅ ተረት?»

«የአባታችን» አለች ጸጉር ሠሪዋ፣ ቀና ሳትል።

ንባቡንም ቀጠለች። አንድ ግዙፍ ሌባና ሚስቱ ሰማይ ላይ ወጥተዋል። ሁለት ጨረቃ አለ፤ ጆንያው ግን አንድ ነው። ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ልትነጥቅ እጇን ዘርግታ፣ የቱን ይወስዱ ይሆን ብላ ቆመች። ጸጉር ሠሪዋ ድምፅዋን አወፈረች።

«ትልቋ እዚሁ ትቅር። የምንወስደው ትንሿን ብቻ ነው።» ደግሞ አቀጠነች። «ብታለቅስስ?»

ልብስ ሰፊዋ የበሩን መቃን ያዘች።

«እንዲህ አድርጎ ማን ነው ያነበበልሽ?»

«ማን ይሆናል? የሴቷንም ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነበር። ሁልጊዜ አንቺን ሊጠራ ይነሳና፣ ተኝታለች ብሎ ይመለሳል። ያላንቺ ሲጀምር ቅር ይለው ነበር።»

አልተኛችም ነበር። ከዚያ ቃል ወዲህ፣ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ዓይኗን ትጨፍንበት ነበር።

«ትልቋስ ምን ሆነች?» አለች።

«አሁን ነው የሚጠየቀው? ዕድሜ ልክሽን አኩርፈሽ፣ መሃል ላይ ገብተሽ? ደግሞ መጽሐፉ የኔ ነው፤ አትነኪውም።»

«አልነካውም። አንብቢልኝ።»

ከልጆቹ መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንዷ ሕፃን ሳትጠየቅ ጠጋ አለችላት። ጸጉር ሠሪዋ ትክ ብላ አየቻት፤ ፊቷ አልተፈታም። ከዚያ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች።

«እሺ፣ ከመጀመሪያው አነባለሁ። እንዳትተኚ ግን።»