ከመስመር የወጣ ሁሉ

አራሚው ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲሰርዝ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የራሱን አንድ ገጽ መጻፍ አቃተው። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ልጁ፣ «አባዬ፣ ልጄ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? እኔ እንደሆነ እማዬን አላውቃት። አንድ ገጽ ጻፍልኝ» አለችው። እናቷ የሞተችው እሷ ጡት ሳትጥል ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይቀመጥና «ደግ ሴት ነበረች» ብሎ ይሰርዛል። «ታታሪ፣ ቤቷን አክባሪ» ይልና ይሰርዛል። ቢሰርዝም አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለችው ሴት የማንም ሰው ሚስት ልትሆን ትችላለች።

የልጁ መውለጃ ተቃርቧል። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ፣ «ካልሆነልህ ተወው አባዬ፣ ከእንግዲህ አልጠይቅህም» አለችው። ሳትቆጣ ነው ያለችው፤ እሱን ያስጨነቀውም አለመቆጣቷ ነው።

ብዕሩ እንቢ ሲለው ወደ ጓሮ ወጣ። ልጁ ካሮት የዘራችበት መደብ አረንጓዴ ለብሷል። እሷ ዘሩን በእፍኟ ዘግና ዝም ብላ በትናው ነበር። አራሚው ግን መደብ ሲያይ መስመር ነው የሚታየው። በሐሳቡ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና ከመስመሩ የወጣውን ሁሉ እየለቀመ ነቀለ። ወገቡን ይዞ ቀና አለና ሥራውን በኩራት አየ። ከነቀለው አንዱን አሸት አድርጎ ቢያሸተው ካሮት ካሮት አለው። በሰልፍ የቀረውን ቢያሸት ሣር ነው።

«ጉድ ፈላ» አለ ለራሱ።

ከመደቡ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ለደም ግፊትዎ ይበጃል ብሎ፣ በቀን አንዴ ምንም ሳያስብ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ መክሮት ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ በተቀመጠ ቁጥር የጎረቤቱን አጥር መጣመም ሲለካ ነው የሚውለው። ዛሬ ማንንም ለማቃናት ፊት አልነበረውም።

ያኔ ከመደቡ ጥግ አፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጉንዳን መሰለው። ቀረብ ብሎ ቢያይ የቦሎቄ ቡቃያ ነው፤ አንገቱን ቆልምሞ፣ ከራሱ የሚበልጥ ጓል በጀርባው ተሸክሞ እየወጣ። ማንም ውጣ አላለውም፣ ማንም ቀና በል አላለውም። ጓሉ ተሰነጠቀ፣ ቆየት ብሎ ወደ ጎን ተንከባለለ፣ ቡቃያውም እንደጎበጠ ቆመ። አራሚው ፀሐይዋ ከአናቱ እስክታልፍ አልተነሣም። ይህ ሁሉ በእግሩ ሥር ሲሆን እሱ የት ነበር? ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይፍራ ይደሰት ለራሱም አልገባውም።

«የፈጣሪ ያለህ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ገብቶ ጻፈ። እጁ እንዳመጣለት ጻፈና መለስ ብሎ እንኳ አላየውም።

ልጁ ከሥራ ስትመለስ በጓሮ በኩል ገባች። «አባዬ፣ ካሮቴን ምን በላው?»

«እኔ። ሣሩን ግን ደህና አድርጌ አሰልፌልሻለሁ።»

እየሳቀች የሰጣትን ወረቀት ተቀበለች።

«እናትሽ ስትተኛ» ይላል ወረቀቱ፣ «ክረምት ከበጋ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ ታወጣለች። ይበርድሻል ስላት፣ እግሬም አየር ያምረዋል ትለኛለች። እኔ ስሸፍን እሷ ስታወጣ ይነጋል።»

ልጁ ሳቋን ተወችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔም እኮ እንደዚህ ነው የምተኛው» አለች። «ረሳኸው? ልጅ ሆኜ ማታ ማታ እየገባህ እግሬን ትሸፍንልኝ ነበር።»

አልረሳውም። ብርድ እንዳይመታት ብሎ ስንት ዓመት ያቺን እግር እየያዘ ወደ ውስጥ መልሷል፤ ልማዱ ከማን እንደመጣ አንድ ቀን እንኳ ልብ ሳይል።

«ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ማን ያስተምረኛል፣ አባዬ?»

አራሚው ወለሉ ላይ ቁጭ አለና የልጁን ጫማ አወለቀ። ቀኑን ሙሉ ቆማ በመዋሏ ያበጠችውን እግር በሁለት እጁ ይዞ፣ ገና ዛሬ እንደተወለደች ሁሉ አያት።