በሩን አትዝጉብኝ

የመጀመሪያው ፊልማችን ሰው ሊያስፈራ ወጥቶ ሰው አሳቀ። ማልቀስ በአዋጅ የተከለከለበት ከተማ ነው ታሪኩ፤ እንባ የተገኘበት ሁሉ ይታፈሳል። አፋሹ ዘብ እኔ ነበርኩ። አልቃሾቻችን ግን ሽንኩርት የላጡ እንጂ ሰው የሞተባቸው አይመስሉም። አራዳ ያለው አዳራሽ በሳቅ ሲናጋ አዘጋጁ ጌቾ ውጭ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አብሮ አደጌ ነው፤ አንጀቴን በላው።

በዓመቱ ወንድሜ አላምረው ከከተማው ወጣ ባለችው ጠዳ ላይ ማኪናው ተገልብጦ ሞተ። ጌቾ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ድንኳኑ እስኪፈርስ ከአጠገባችን አልጠፋም፤ እናቴ ሙሾ ስታወርድ ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ይደፋል። እንደ እሱ ያዘነልኝ የለም ብዬ ነበር፣ እኔ ሞኙ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በር ዘግታ አታውቅም። ሌባ ይገባል ስላት «ምነው፣ እሱስ በየት ይግባ?» ትለኛለች።

የዚያኑ ታሪክ ሁለተኛ ፊልም ስንቀርጽ፣ ፍሬሰላም የምትባል ተዋናይ ልጇ የሞተባት እናት ሆና አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። «ድምፁን ኋላ እናስገባለን» አለን ጌቾ። እኔ ዘቡ በርግጄ እገባለሁ፣ በሩን ከኋላዬ እዘጋለሁ፣ አፏን አፍናለሁ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ፊልሙ ሲመረቅ እናቴን ይዣት ሄድኩ፤ ሐዘኗን ትንሽ ቢያስረሳት ብዬ። ጌቾ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። «እማማ ባንቺአየሁን ምነው አስቸገርካቸው?» አለኝ።

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ከፊት የተቀመጡት ልጆች እንኳ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ኮራሁ። ከዚያ የፍሬሰላም አፍ ተከፈተ፣ የወጣው ግን የእናቴ ድምፅ ነበር፤

ማኪናው ጠዳ ላይ ቆሟል ካላችሁኝ፣
በእግሩ ይመጣልና በሩን አትዝጉብኝ።

እኔ በርግጄ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። አፏን አፈንኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ተነስታ ወጣች።

ልከተላት ሲገባኝ ጌቾን አንቄ ያዝኩት። ጋቢው ውስጥ ያቀረቀረው ለካ ስልኩን ደግኖ ሙሾዋን ሲቀዳ ነበር።

«ስማኝ ክብረት፣ እንዲህ ያለ ልቅሶ ከየት ይመጣል? ሰዉን አላየኸውም?» አለ። ከዚያ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ «ደግሞ የአላምረውን ስም ከሙሾው ቆርጬ አውጥቼዋለሁ እኮ» ብሎ ጨመረ።

ለቀቅኩት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ይሄ ግን እኔን ጥሎ መች በቃው፣ እናቴን በእኔው እግር አስረገጣት። ሰው ከበበው፤ ከመጀመሪያው ይህኛው በስንት ጣዕሙ እያሉ ይጨብጡታል። እውነታቸውን ነው፣ ይበልጣል።

ቤት ስደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም፣ በሩ ግን ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። አላወቅሁም ነበር፣ በአላምረው ሞት!»

ከበሩ ማዶ፣ እዚያው አጠገቤ እንደቆመች ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ስትዘጋው አየሁህ እኮ» አለችኝ።