ያልተለካው ሐምሌ

እስከ ጉልበቷ ወንዙ ውስጥ ገብታ በእግሯም ዳሰሰች፣ በእጇም ፈለገች፤ የውኃው ከፍታ የሚነበብበት ዘንግ የለም። የተተከለበት ሲሚንቶ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም አረንጓዴ አልጌ ሸፍኖታል። ይሄ መቼም የትናንት ነገር አይደለም።

"ጋሼ፣ ዘንጉ የት ሄደ?"

አጎቷ ዳር ላይ ቆመው የልኬት ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ወንዙን እያነበቡ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። ወላጆቿ ሲሞቱ ያሳደጓት፣ ቁጥርም እዚሁ ዘንግ ላይ ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው።

"አምና ሰኔ ደራሽ ውኃ ወሰደው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምን እያዩ ነው የሚጽፉት?"

"ወንዙን ነዋ። ሠላሳ ዓመት ያየሁትን ወንዝ በዓይኔ ብገምት ስንት እስታለሁ? ቢበዛ አንድ ሁለት ጣት ነው።"

ወጥታ ደብተሩን ተቀበለቻቸው። ሐምሌ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አምና ሐምሌን እኮ ሆስፒታል ተኝተው ነው የከረሙት፤ አልጋቸው ሥር ፍራሽ አንጥፋ ያስታመመቻቸው ማን ሆነና። ያኔ "ጎረቤት ይለካልኛል" ነበር ያሏት፤ ገጹ ግን ጠዋቱም ማታውም በራሳቸው እጅ ጽሑፍ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሥሩ የተቆጣጣሪ ፊርማ አለ፤ የራሷ። የጋሼ ደብተር ደግሞ ይመረመራል እንዴ ብላ፣ ዓይኗን እንኳ ጣል ሳታደርግበት ነው የፈረመችው።

"ሐምሌንስ ከየት አመጡት?"

"ከካቻምናው ገለበጥኩት። ባዶ ብተወው መሥሪያ ቤትሽ በቦታዬ ሌላ ሰው ይተካል ብዬ ፈራሁ።"

ሰኞ ለመሥሪያ ቤቷ ያዘጋጀችው የልኬት ጣቢያዎች ዕቅድ ለውሳኔ ይቀርባል። የወንዙ ተፋሰስ ለሚመጣው ሃያ ዓመት የት የት እንደሚለካ የሚወስነው እሱ ነው፤ አሥራ አራቱም ጣቢያ የተመረጠው በሳቸው ልኬት ተመዝኖ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰው "ሽሹ" የሚባልበት ከፍታም ከዚሁ ደብተር ነው የወጣው። አምና ሐምሌ እዚያ ሰፈር ውኃ ቤት ገብቷል፤ ደብተሩ ግን ወንዙ ሰላም ነው ይላል። ሁለቱ አልገጥም ብለዋት ዓመት ሙሉ ስትብሰለሰል፣ "ወንዝ መቼም የራሱ ጠባይ አለው ልጄ" እያሉ ያጽናኗት እሳቸው ነበሩ።

ከድተዋታል። ሌላ ስም አላገኘችለትም። ባስታመመቻቸው እጅ ነው ውሸቱን ያስፈረሟት፤ ከሁሉም ያንገበገባት ይሄ ነው።

"ዘንጉ ወደቀ በያቸው" አሉ ዝግ ብለው። "እሱ እኮ ውሸት አይደለም። በስተርጅና የሰው መሳቂያ አታድርጊኝ፣ አፈር ስሆን።"

እውነታቸውን ነው፤ ያቺ አንዲት መስመር ሁለቱንም ታድናለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ልኬት ሲሰረዝ የሚሞላውን ቅጽ አወጣች። "ልኬቱ የተሰረዘበት ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት ብዕሯ ቆየት አለና መጻፍ ጀመረ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

አነበበችላቸው።

"መዝጋቢው ሳይለኩ ሞልተዋል። ተቆጣጣሪዋ ሳታይ ፈርማለች። ዕቅዱ ሰኞ አይቀርብም።"

ከዚያ ብዕሩን ዘረጋችላቸው።

"እኔ ፈርሜያለሁ። እርስዎም ይፈርሙ፣ ጋሼ።"