ጌታው መጣ

የኩታ ከተማ ሰዎች አንበሳን በስሙ አይጠሩም። የአምላካቸው የኔርጋል አውሬ ስለሆነ «ጌታው» ይሉታል፤ ስሙን የጠራ ወደ ራሱ ይጠራዋል ብለው ያምናሉ። አገራቸው ሳሉ ይህ ልማድ ማንንም አላስቸገረም። ጌታው በቤተ መቅደሱ በር ላይ የቆመ ድንጋይ ነበር። የአሦር ንጉሥ ነቅሎ ሰማርያ ካሰፈራቸው ወዲህ ግን፣ ባለቤቶቹ በተጋዙበት ባዶ መንደር ሥጋ ለባሹ ጌታው ይዞር ጀመር።

የንጉሡ ሹም የእርሻ ዘር ሊያድል በሚመጣበት ጠዋት፣ ከሐማት የመጣው ጎረቤት ጠብሪሞን ጢሙን ቅባት ቀብቶ መንገድ ዳር ቆሟል።

«ውይ ጠብሪሞን፣ ሙሽራ መስለህ የለም እንዴ!» አለችው የኩታዋ ሴት ኢልታኒ ከበሯ ላይ።

«ምን ላድርግ እቴ፣ ጢሜን አይቶ አንድ እፍኝ ቢጨምርልኝ ብዬ ነው። ባልሽ ዛሬም ተኝቷል?»

«ጫማው ጠፍቶበት እየተራገመ ነው» ብላ ሳቀች።

ይህን ጊዜ ልጇ ኒዲንቱ ከጣሪያው ላይ ጮኸች። «ጌታው መጣ! ጌታው መጣ!»

ለሐማት ሰው ጌታው ማለት ሹሙ ነው። ጠብሪሞን ልብሱን አስተካከለ። «ቶሎ ውጡ እንጂ! ሹም እንዲህ ነው የሚቀበሉት?» አለና እጅ እየነሣ ወደ መንገዱ መታጠፊያ ገሰገሰ።

ኢልታኒ መታጠፊያው ላይ ካለው ወይራ ሥር ቢጫ ትከሻ አየች። አፏን ስትከፍት ባሏ ኡባር ከኋላዋ መጥቶ በመዳፉ አፈናት።

«ዝም በይ! እንዳትጠሪው!»

መዳፉን ነከሰችው።

«ጠብሪሞን! አንበሳ ነው! አንበሳ!»

ጠብሪሞን ቀና ብሎ አየና በፈረሰው ግንብ ላይ ዘሎ ጠፋ። አንበሳው አልተከተለውም። ድምፁ ወደ መጣበት አንገቱን አዞረ፤ ከዚያም ሳይቸኩል ወደ ቤቷ መራመድ ጀመረ።

«ጠራሽው» አለ ኡባር። ወደ ውስጥ አፈገፈገ።

«እማዬ፣ ልውረድ?» አለች ኒዲንቱ። በውጭ ግድግዳው ላይ የተደገፈው መሰላል ሲንጣጣ ተሰማ።

«አትውረጂ! ተመለሽ!»

ኢልታኒ ሮጣ ወጣች። ልጅቷ እግሯን ወደ ጣሪያው ስትመልስ እናቷ መሰላሉን ገፍታ ጣለችው። አውሬው እንዳይወጣበት፣ ልጅቷም እንዳትወርድበት።

ስትዞር በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ኡባር የወፍጮውን ድንጋይ ወደ መዝጊያው ሲጎትት ይሰማታል።