የእትዬ መርፌ ቀይ ክር

እትዬ መርፌ በሳምንቱ ሰፉ የተባለው ሸሚዝ ዘጠኝ ብቻ ነው። ዘጠኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ካለችው የስፌት መኪና ላይ ተተክለው የኖሩ ሴት፣ በሳምንት ዘጠኝ ሸሚዝ! ጉድ እኮ ነው።

ይህን ያለው ቆጣሪው ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት «ማን ምን ያህል እንደሚሠራ በቁጥር ልወቅ» ብለው ያመጡት፣ ሰዓቱ ከእጁ የማይለይ ጨዋ ወጣት። ዘዴው ቀላል ነው። እያንዳንዷ ሰፊ የራሷ ቀለም ክር አላት፤ ሸሚዝ ስትጨርስ ቁልፉ ላይ ትቋጥረዋለች፤ እሱ ይቆጥራል። የወጣቷ ሰፊ የፍንጭት አረንጓዴ አርባ ሁለት፣ የእትዬ መርፌ ቀይ ዘጠኝ። አርብ ከሰዓት ሰንጠረዡ ለባለቤቱ ይቀርባል፤ መጨረሻ የወጣችው ትሰናበታለች።

እትዬ መርፌ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁጥራቸውን አይተው ወደ መኪናቸው ፈጠን አሉ። ግን ምን ያድርጉ? ገና መኪናቸውን ሲያስነሱ ፍንጭት ከተፍ ትላለች።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ይሄ ኮሌታ ተጣመመብኝ!»

«አንቺ ደግሞ! ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትሰፊው?»

እየተቆጡ ይተረትሩታል፣ አስተካክለው ይሰፉታል፣ አረንጓዴውን ክር እንደነበረ ቋጥረው ይመልሱላታል። በሰው ሥራ ላይ የራስን ክር ማሰር በዚያ ቤት ነውር ነው። ፍንጭት ሳትቀመጥ ሌላዋ እጅጌ ይዛ ትመጣለች። ቀኑ እንዲህ ያልቃል።

አርብ ጠዋት ቆጣሪው ከወንበሩ ሲነሳ ሚስማር ኮቱን ያዘውና እጅጌው ቸርር አለ። ልጁ ክው አለ። ከሰዓት ባለቤቱ ፊት የሚቆመው በዚሁ ኮት ነው።

«ና ወዲህ! አውልቀው» አሉት እትዬ መርፌ።

ለምዶበት ሰዓቱን ጫን አደረገ። ሰፍተው ሲመልሱለት «አሥራ አንድ ደቂቃ» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። እስክሪብቶው ሰንጠረዡ ላይ ሲንከራተት ቆየ።

«እትዬ፣ ይሄን የት ልጻፈው?»

«እኔ ምን አውቄ! የሌሎቹን የት ነበር የምትጽፈው?»

«የየትኞቹን?»

ፍንጭት ፊቷ ቲማቲም መስሎ ብድግ አለች። «ከእኔ አርባ ሁለት... ሃያ ስምንቱን ያቃኑት እሳቸው ናቸው። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«የእኔንም!» አለች አንዷ። «የእኔንም!»

ቆጣሪው ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ የቀይ ክሩን ጥቅልል ብድግ አድርጎ «በሉ፣ ለዛሬ ነውሩ ይቅር። የእትዬ እጅ ያረፈበት ሁሉ ላይ ቀይ ጨምሩ!» አለ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ክምር ይዘው፣ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ እርስ በርስ እየተሳሳቁ ማሰር ያዙ። እትዬ መርፌ «ኧረ ተዉ! ኧረ በናታችሁ!» ቢሉ ማን ይስማቸው።

ባለቤቱ ሲገቡ ክምሩ ቀልቶ ጠበቃቸው። ከሁለት መቶ አራት ሸሚዝ አንድ መቶ ሠላሳ አንዱ ላይ ቀይ ክር አለ።

«ታዲያ መጨረሻ የወጣችው ማናት?»

«ጌታዬ፣ ቀይ ያለበት ሁሉ የእትዬ እጅ ያረፈበት ነው፤ መጨረሻ የወጣው ሰንጠረዡ ነው» አለ ቆጣሪው። «የሚያሰናብቱ ከሆነ እሱን ያሰናብቱልኝ።»

ባለቤቱ ክምሩን አየት፣ እትዬ መርፌን አየት አደረጉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «እትዬ፣ ከመስኮትዎ የሚያነሳዎ የለም!» ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ መርፌ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ ደስታ ነበር፣ አልደበቁትም።

ገና ሳይቀመጡ ፍንጭት ኮሌታ ይዛ ከተፍ።

«አምጪው፣ አንቺ ዓይነ ስውር!» አሉ፤ ቀዩን ክርም አጠገባቸው አደረጉ።

ቆጣሪው በሩ ላይ ቆሞ የኮቱን እጅጌ አየ። ቀይ ክር ተቋጥሮበታል። ማን እንዳሰረበት አልጠየቀም፤ አልፈታውምም።