የማያፈሰው ጣሪያ

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ኃላፊ ወገቡ ላይ ከሚያንጠለጥለው የቁልፍ መዓት የተነሳ አባ ቁልፉ ይባላል። ኃላፊ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም፤ ዘበኛ ብሎ የጠራው ሰው ካለ ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍበት ይውላል። አዳራሹን እንደ ልጁ ነው የሚያየው። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ አዳራሹ ላይ ጉጠት ያነሳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ምርጫው ተቃርቧል፤ በሕዝብ ሀብት የተሠራ አዳራሽ ለፓርቲዎች ሁሉ እኩል ክፍት ይሁን የሚለው የምርጫ ሕግም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የማዘጋጃ ቤቱ ምክትል ኃላፊ ደወለለት።

«ጃንጥላዎቹ አዳራሹን ሊጠይቁ ነው አሉ» አለው። ጃንጥላ የአንድ ትንሽ ፓርቲ የምርጫ ምልክት ነው። «ሕጉ እኩል ስጡ ይላል፤ እኛም ከሕጉ አንወጣም። ግን ያ ጣሪያ እንዴት ነው? አያፈስም?»

አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አስገብቶ አያውቅም። የአባ ቁልፉ ምላስ ግን ቀደመው። «ያፈሳል እንጂ ጌታዬ!»

«እንግዲህ ጃንጥላ ያለው ሰው ጣሪያ ምን ያደርግለታል!» ብሎ ምክትሉ እየሳቀ ዘጋ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሳቁ የመረረው ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ነው፤ የጃንጥላ ዕጩ ታላቅ እህቱ ናት።

እህት ሲባል ደግሞ እንዲያው እህት አይደለችም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን አልፈታም ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አዋላጅ ነርስ ነች። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጇ ስለተቀበለች፣ «እኔ ድምፅ የምለምነው ቂጡን መትቼ ያስለቀስኩትን ሰው ነው» እያለች ታስቃለች። ምርጫው ሳይደርስ ሰው ሰብስባ የምታነጋግርበት ሌላ አዳራሽ በአካባቢው የለም።

ቅዳሜ ከፓርቲው ጠበቃ ጋር መጣች።

«እታለም፣ ጣሪያው ያፈሳል» አላት፣ ዓይኑን ቁልፎቹ ላይ ተክሎ።

ጠበቃው ቱግ አለ። «ሰበብ ነው! መደራጀትም መሰብሰብም ሕገ መንግሥቱ የሰጠን መብት ነው። ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ መሐንዲስ ይምጣና ጣሪያውን ይየው!»

«ተው አንተ» አለችው እህትየው። «እሱ ያፈሳል ካለ ያፈሳል። ወንድሜ እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ብትሰድበው በተሻለው ነበር። መሐንዲስ የሚለው ቃልም ሆዱ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለው። እሁድ ከሰዓት ግቢው ጭር ሲል ጣሪያው ላይ ወጣና ከመድረኩ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ምስማሩን በጉጠት እየነቀለ አነሳው። ውሸቱን እውነት ማድረጉ ነው። የነቀላቸውን ምስማሮች ኮቱ ኪስ ከተታቸው፤ ግቢው ውስጥ መጣል ነውር መሰለው። ይህን ያህል ጨዋ ነው!

ሰኞ ጠዋት እህቱ ተመልሳ መጣች። ከኋላዋ መሰላል የተሸከመ አናጺ፣ ከአናጺው ኋላ ደግሞ ክራቫቱን ትከሻው ላይ የጣለው ጠበቃ የመዶሻና የምስማር ሣጥን ይዞ ይከተላሉ።

«ምን አካሰሰን?» አለች እየሳቀች። «ጣሪያህን እንጠግንልሃለን። እኛም ስብሰባችንን እናደርጋለን፣ አንተም ከአለቆችህ ጋር አትጣላም።»

ለእሱ ብላ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አናጺው ላይ ሆኖ ይመታል፤ እሷ መሰላሉ መሃል ቆማ ታቀብላለች፤ ጠበቃው መሰላሉን ግጥም አድርጎ ይዟል። ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አናጺው፣ «ምስማር አለቀ!» ብሎ ተጣራ።

«ምስማር!» አለች እሷም፣ ወደ ወንድሟ ቁልቁል እጇን ዘርግታ። ልጅ ሳለ ውሃ አቀብለኝ የምትለው እንዲሁ ነበር።

ዝም ቢል ሱቅ ይልካሉ፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። ኪሱ ውስጥ ያሉት ምስማሮች ግን ጎኑን ይወጉታል። እጁን ከተተና አፍሶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

አየቻቸው። ዝገት የሚባል የለባቸውም፤ የጎማ ቆባቸው እንኳ አልወለቀም። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች፤ ዝቅ ብላ እሱን አየች። ከዚያ ምስማሮቹን ለአናጺው አቀብላ፣ «ምታ» አለችውና ወረደች።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«አስፈራሩህ?»

«ኧረ የለም። ጣሪያው አያፈስም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ያፈሳል አልኩ። በቃ። ቆርቆሮውን የነቀልኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ መሐንዲስ ይመጣል ብዬ ፈርቼ።»

«ያዘዘህ ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር» አለች።

ጠበቃው መሰላሉን እንደያዘ በዝግታ፣ «ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቃት።

«ክሱን ጻፍ። ዛሬ ወንድሜ ነው ብዬ ዝም ብል፣ ነገ ለሌላውም ፓርቲ ጣሪያው ያፈሳል።»

«እታለም፣ እኔው ራሴ እመሰክራለሁ» አለ አባ ቁልፉ። «ስልኩንም፣ ጉጠቱንም፣ አንድም አላስቀርም። ብቻ አንቺ...»

«ለዳኛው ይንገሩት» አለችው። «አሁን ቁልፉን ይስጡኝ።»

ንፍጡን ጠርጋ ያሳደገችው እህቱ አንቱ አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን የአዳራሹን ቁልፍ ከዚያ ሁሉ መሃል መለየት አቃተው። በመጨረሻ ቀለበቱን እንዳለ ከወገቡ ፈትቶ ሰጣት። እሷም አንድ በአንድ እየሞከረች በሩን ከፈተች። እሱ ከኋላዋ ገብቶ ወንበር መደርደር ጀመረ፤ ማንም ና አላለውም፣ ማንም ሂድ አላለውም።