ጫማችንን ያወለቅንበት ገደል

ይህን ስጽፍ እጄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። ግራ እጄን ማለቴ ነው፤ በቀኙ እየጻፍኩ ነዋ። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ውሸት ከተገኘች ቫኔ በየካቲት ብርድ ፎር ኦ ዋን ሃይዌይ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ትቁም። እኔም ውስጧ ልሁን፤ ስልኬም ባትሪ ይጨርስ። ከዚህ በላይ ምን ልማል?

ደግሞ ምስክር አለኝ፤ እማማ ቦጋለች። እማማ ቦጋለች ዋሽተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ እንኳ፣ ምናልባት ብሳሳት ብለው፣ ሁለት ዓመት ጨምረው ነው የሚናገሩት።

እኔ ደረጄ ነኝ። ቶሮንቶ ውስጥ ደረጄ ባለ ቫኑን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው፤ እሱንም ከኤርፖርት ያመጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሥራዬ አረጋውያንን ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው። ከጄን ኤንድ ፊንች እስከ ስካርቦሮ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ እኔ ቫን ላይ ተቀምጧል። ጂፒኤስ እንኳ መንገድ ሲጠፋው እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ብድግ አልኩና «ሁልጊዜ ቤትና ሐኪም ቤት፣ ቤትና ሐኪም ቤት! ዛሬ ከሰዓት የቶሮንቶን የተቀደሱ ተራሮችና የባሕር ዳርቻዎች አስጎበኛችኋለሁ» አልኩ።

«ቶሮንቶ ደግሞ ተራራ አላት እንዴ?» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም። እዚህ አገር ከመጡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ከእኔ ጋር የተስማሙበት ቀን ግን እስካሁን የለም።

«ለሚያውቅ ሰው አላት።»

ስድስት እናቶችና ጋሽ ተክለ ማርያም ነጠላና ጋቢያቸውን እንዳደረጉ ተሳፈሩ። ላስነሳ ስል ፀዲ፣ የእማማ ቦጋለች ልጅ፣ የነርስ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጥታ የመስኮቴን መስተዋት አንኳኳች። ወደ ሺፍቷ እየሮጠች ነበር።

«ደሬ፣ ስማኝ። እናቴን በእግሯ እንደወሰድካት በእግሯ ትመልሳታለህ። ባለፈው ዊንተር በረዶ ላይ ወድቃ ስንት ወር እንደተኛች ታውቃለህ። አንዴ ደግማ ከወደቀች አትነሳም ብሎኛል ዶክተሩ።»

«ፀዲዬ፣ እኔ እኮ በዚህ እጄ ስንቱን...»

«ዲስኩር አልፈልግም። ትመልሳታለህ?»

«እመልሳታለሁ።»

«እናቴ ትሙት በል።»

እናቴ ደሴ ናት፤ በሕይወት አለች፤ ዕድሜ ይስጣት። ስለዚህ ቃሉ አፌ ላይ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። «እናቴ ትሙት» አልኩ። ፀዲ ሄደች። እማማ ቦጋለች ከኋላዬ፣ «ምነው በሰው እናት ታስምልብኛለች» ሲሉ ሰማሁ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ደርበው ሲቀመጡ ወንበሩ ላይ ያለው ነጠላው ብቻ ይመስላል።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ከአንድ ትልቅ ገደል በታች ወዳለ የውሃ ዳር ነበር። ከቫኑ አወረድኳቸውና እጄን ዘረጋሁ። «ይኸውላችሁ ባሕሩ!»

«ሐይቅ ነው» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም።

«ማዶው ይታይዎታል?»

«አይታየኝም።»

«እንግዲያው ባሕር ነው።»

«ዓይኔ ሞራ ስላለበት ነው እንጂ፣ ማዶውማ አሜሪካ ነው።»

እናቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ቶሎ ብዬ ወደ ላይ አሳየኋቸው። ገደሉ እንደ ተገመሰ ዳቦ ነጭ ሆዱን ወደ ውሃው ሰጥቶ ቆሟል። «ቁመቱ አንድ ሺህ ሜትር ነው። ጫፉ ላይ አንድ ባሕታዊ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየዋል። ቦታው ራሱ ካቴድራል ነው የሚባለው፤ ፈረንጁ በከንቱ ስም አያወጣም።»

«የባሕታዊው ስም ማነው?» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም።

«ስም አይፈልጉም ነበር።»

እማማ ቦጋለች ግን አልሳቁም። ገደሉን አንጋጠው አዩና አማተቡ። ያኔ ነው ጉዞው ቁም ነገር የሆነብኝ።

በመኪና ዞረን ከላይ ደረስን። ሣር፣ ዛፍ፣ ከዚያ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰማይ። ነፋሱ ከጎን አይመጣም፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው፤ ከእግር ሥር ገብቶ ሱሪ ይነፋል። አጥሩ ላይ አንድ ሰው በአፍጢሙ ሲወርድ የሚያሳይ ምልክት ተሰቅሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አንዷ እናት።

«የሚሰግድ ሰው ነው። ስገዱ ለማለት ነው።»

«ዴንጀር ይላል» አሉ ጋሽ ተክለ ማርያም።

«እሱ ለፈረንጅ ነው።»

አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ብሏል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እንደ ምላስ ቀጥኖ ወደ ባዶው ይወጣል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ጫፉ ላይ ደረቅ ሣር አለ። ባሕታዊው የቆሙት እዚያ ጫፍ ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ውሃ ላመጣላቸው ወደ ቫኑ ሄድኩ። ልብ በሉ፤ ወደ ቫኑ ነው የሄድኩት።

ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። በአጥሩ ሥር ተሰልፏል፤ ጥቁር የቤተ ክርስቲያን ጫማ፣ ቡኒ ጫማ፣ የጋሽ ተክለ ማርያም መርከብ የሚያህል ስኒከር። አፋቸውን ወደ ገደሉ አዙረዋል። ከጫማዎቹ በላይ ሰው የለም።

የያዝኩት የውሃ ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ። አንዲት ውሻ የምታናፍስ ፈረንጅ ጫማዎቹን አይታ አፏን ያዘች፤ የጫማዎቹ ባለቤቶች የት እንደገቡ ያሰበችውን እኔም አስቤዋለሁ። ጮኸች። ውሻውም ጮኸ። እኔ አልጮህኩም፤ ሰማሁ የሚል ካለ የሰማው ውሻውን ነው።

ነገሩ ግን ቀላል ነበር፤ የኛ ሰው የተቀደሰ መሬት ነው ከተባለ ጫማ ያወልቃል። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚያደርጉት አሰልፈው፣ በጎበጠው አጥር ተሻግረው፣ አምስቱ እናቶችና ጋሽ ተክለ ማርያም እዚያው ተንበርክከዋል። ስድስተኛዋ የሉም። ዓይኔ በዚያ ምላስ መሬት ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ጫፉ ላይ ደረሰ። ነጭ ነጠላ። እማማ ቦጋለች።

«እናቴ ትሙት» ያልኩት ቃል በጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

እንደኔ ያለ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገውን አደረግኩ። «ነጠላችሁን አውልቁ! ጫፍ ለጫፍ አያይዙ! ገመድ ሥሩ!» ብዬ አዘዝኩ፤ ድምፄ መሃል ከተማ እስከ ብሉር ጎዳና ሳይሰማ አልቀረም። ጋሽ ተክለ ማርያም ጋቢያቸውን ጨመሩ። ከዚያ በሆዴ ተኝቼ ወደ ጫፉ ገባሁ።

አሁን የምነግራችሁን ፍርሃት የፈራሁት ለእሳቸው ነው፤ ለራሴ ፈርቼ አላውቅም። ግን ሰው ለሌላ ሰው ሲፈራ እንዴት አድርጎ እንደሚፈራ ያን ቀን ገባኝ።

መሬቱ ይናገር ነበር። ከሆዴ በታች ጠጠር ሲለቅ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ባቄላ ከጆንያ እንደሚፈስ ሸሸሸ ይላል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ረጅም ጸጥታ፤ ከዚያ ከሩቅ ከታች ውሃው ላይ ጠብ ይላል። የሚያስፈራው ድምፁ አይደለም፤ መሃል ያለው ጸጥታ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰው መላ ዕድሜውን ያስባል፤ አስቦ ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ይጀምራል።

በሁለቱ እጆቼ መሃል አንዲት ስንጥቅ አየሁ። ፀጉር ነበር የምታህለው። ነፋሱ አቧራ አመጣና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጣቴ ይገባባት ነበር።

ሣሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር፤ ለምን ጨበጥክ የሚል ይኖራል። መሬቱን ደግፌ ይዤው ነው፤ እኔ ባልይዘው ያኔውኑ ይሄድ ነበር። አንድ ሰው «እማዬ! እማዬ!» ይላል፤ እየደጋገመ፣ እንደ ሕፃን። እማማ ቦጋለች መሆን አለባቸው። በዚያ ዕድሜ እናት መጥራት ሆድ ይበላል።

ከአጥሩ በኩል የጋሽ ተክለ ማርያም ድምፅ መጣ፤ «አትንቀሳቀስ! አንተ ከተንቀሳቀስክ ይሄዳል!» ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሲደነግጥ የሚያናግረውን አይለይም። እማማ ቦጋለችም እንዲሁ ነበሩ። አጠገባቸው ስደርስ ፊታቸው ፊቴ ጋ ነበር፤ ባዶ እግራቸው ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ቀስ ብለው፣ «ወደ ታች አትመልከት ልጄ፤ እኔን እየኝ። ሣሩን ልቀቀው» አሉኝ። ደንግጠው ነው። የነጠላውን ጫፍ እጄ ላይ አሰሩ፤ ለማረጋጋት ብዬ ዝም አልኳቸው።

ከዚያ በአንድ እጄ አንስቼ አቀፍኳቸው። በሌላው እየተሳብኩ፣ የኋሊት፣ ክንድ በክንድ። እያንዳንዷ ክንድ አንድ ዓመት ነበረች። ከሆዴ በታች ያ የባቄላ ድምፅ አላቋረጠም። ደግሞም እየወፈረ ሄደ፤ ከባቄላ ድንች ሆነ፤ ከድንች... እሱን አልናገርም። «አትቁም፣ አትቁም» የሚል ድምፅ ነበር፤ የኔ ድምፅ ይመስለኛል። የጋሽ ተክለ ማርያም እጅ ኮሌታዬን ያዘ።

ዘወር ብዬ አየሁ። ምላሱ መሬት፣ ደረቅ ሣሩ፣ እማማ ቦጋለች የነበሩበት ጫፍ፣ አንዴ አለ፤ አንዴ የለም። ሲሄድ ድምፅ አልነበረውም። ድምፁ ቆይቶ ከታች መጣና ደረታችንን መታን። ከዚያ ነጭ አቧራ እንደ ጭስ ተነሥቶ ፊታችን ላይ ቆመ።

ጋሽ ተክለ ማርያም እንኳ አልተቃወሙኝም። በአጥሩ ተመልሰን ጫማችንን ፈለግን። የእኔ ግራ ጫማ ግን የለም፤ ገደሉ ወስዶታል፤ ለትዝታ ይሁነው። ውሻ ያላት ሴትዮ ፖሊስ ጠርታ ኖሮ፣ ሲደርሱ እናቶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጭቃቸውን እየጠረጉ ነበር። «ዊ አር ፕሬይ» አሏቸው ጋሽ ተክለ ማርያም፤ እየጸለይን ነው ማለታቸው ነው። ፖሊሶቹ እኔን ሲያዩ ኮፍያቸውን ሊያነሡ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ማታ ፀዲ ከሺፍቷ ስትወጣ እናቷን ከፀጉር እስከ ጥፍር አገላብጣ አየቻቸው። ጭረት የለም። ጭቃ ብቻ።

«እግሯ ምን ሆኖ ነው?»

«የተቀደሰ መሬት ስለረገጡ ነው» አልኩ።

ፀዲ ወደ እናቷ ዞረች። እማማ ቦጋለች ፈገግ ብለው፣ «ደህና ዋልን» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። የዚያን ሌሊት እናቴን ደሴ ደወልኩላት። ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት አለችኝ። ድምፅሽን ልሰማ ነው አልኳት።

ይህን ታሪክ ለቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ መጽሔት ላወጣው ነው የጻፍኩት። ጋሽ ተክለ ማርያም ግን አዘጋጅ ናቸውና፣ «ከእማማ ቦጋለች አፍ ካልሰማሁ አንድ መስመር አላትምም» አሉ። እሰየው! ምስክር አለኝ አላልኳችሁም?

ትናንት ጄን ኤንድ ፊንች አፓርትመንታቸው ሄድኩ። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ አጠገብ አልተቀመጥኩም፤ ፀሐዩ ይወጋል። እማማ ቦጋለች ያን ቀን የለበሱትን ነጠላ ጭናቸው ላይ ዘርግተው የተቀደደውን ጥለት በመርፌ ይሰፋሉ። ጽሑፌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩላቸው። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«አሳምረህ ጽፈሃል ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ግን ጫማችንን ያወለቅነው ለመሬቱ ክብር አይደለም፤ እንዳያንሸራትተን ነው። አንተ ባሕታዊው የቆሙበትን ላሳያችሁ ብለህ ሄደህ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ሣሩን ጨብጠህ አልለቅም ስትል፣ ከሁሉ ቀላሏ እሷ ናት፣ መሬቱ የሚችለው እሷን ነው ብለው በነጠላ አስረው እኔን ላኩኝ። እኔም እናትህን ስትጠራ እየሰማሁ እንዴት ልቅር?»

ነጠላውን አጠፉት።

«ለፀዲ አልነገርኳትም።»